ከፈተናው በፊት የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር፦ የመማር ውጤትን ለምዘና በሚያመች መንገድ የመጻፍ መመሪያ

በዕለት ትምህርት ዕቅድ ላይ «ዝርዝር ዓላማ» በሚለው ሳጥን ውስጥ የምናሰፍረው ዓረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ለፊርማ ነው። የትምህርት ክፍል ተጠሪው ያያል፣ ይፈርማል፣ ዕቅዱም ወደ መሳቢያ ይገባል። በደቡብ ወሎ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከአስፈራሚዎቹም ከፈራሚዎቹም ወገን ሆኜ ስላየሁት፣ ጉዳዩን የማነሣው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ይህ መመሪያ ያ ዓረፍተ ነገር ፈተና ለማውጣት፣ ለማረምና ከእርማት በኋላ ለሚሰጠው ድጋፍ በእርግጥ እንዲያገለግል አድርጎ ለመጻፍ የሚረዱ እርምጃዎችን ያሳያል። የሚነሡት ምሳሌዎች ከልዩ ልዩ ትምህርቶች የተወሰዱ ስለሆኑ መምህሩ ለራሱ ትምህርት እያዛመደ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ከእርምጃዎቹ በፊት የራሴን ስሕተት ላስቀድም። ከሐይቅ ከተማ ብዙ በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት ስለ አፈር መሸርሸር ሳስተምር በዕቅዴ ላይ የጻፍኩት «ተማሪዎች ስለ አፈር መሸርሸርና መከላከያው ግንዛቤ ያገኛሉ» የሚል ነበር። በፈተናው «የአፈር መሸርሸር ማለት ምን ማለት ነው?» እና «ሁለት የመከላከያ ዘዴዎችን ጥቀስ/ሽ» ብዬ ጠየቅሁ፤ ከክፍሉ አብዛኛው መጽሐፉ ላይ ያለውን ፍቺ ቃል በቃል መለሰ፣ «እርከን መሥራት» ብሎም ጻፈ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አረምኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ተዳፋት ላይ የድንጋይ እርከን ልንሠራ ወጣን። ሙሉ ነጥብ ያገኘው ልጅ ድንጋዩን የደረደረው ተዳፋቱን አቋርጦ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች፣ ጎርፉ በሚወርድበት አቅጣጫ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቆመው ሲያዩ ቆይተው፣ «አብሽር ልጄ፣ ድንጋዩስ ጥሩ ተደርድሯል፤ ግን ይኼ እርከን ሳይሆን ለጎርፍ መንገድ መጥረግ ነው» አሉት። ልጁ አላጠፋም። እኔ እንዲችል የምፈልገውን ነገር አስቀድሜ በዓረፍተ ነገር ስላላስቀመጥኩ፣ ፈተናዬም ያንን ሳይጠይቅ አለፈ።

አንደኛ፦ ከይዘቱ ሳይሆን ከማስረጃው ይጀምሩ

መርሐ ትምህርቱንና የመምህሩን መምሪያ ከፊትዎ ያድርጉ። በምዕራፉ ሥር የተቀመጠውን የመማር ብቃት ካነበቡ በኋላ፣ ብዕር ሳያነሡ አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህን ትምህርት በሚገባ የተማረ ልጅ ያልተማረው የማያደርገውን ምን ሲያደርግ፣ ምን ሲጽፍ ወይም ምን ሲናገር አየዋለሁ? መልሱን በተራ ወረቀት ላይ በተራ ቋንቋ ያስፍሩት። ለአፈር መሸርሸሩ ምሳሌ መልሱ «እርከኑ በየት በኩል እንደሚያልፍ በተዳፋቱ ላይ ምልክት ያደርጋል» የሚል ይሆን ነበር። የመማር ውጤቱ መግለጫ የሚወለደው ከዚህ ተራ ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህ አሠራር ለወሎ እንግዳ አይደለም። በቁርኣን ትምህርት ቤት ሸሁ ደረሳውን (ተማሪያቸውን) «ገባህ ወይ?» ብለው ሲጠይቁት አይውሉም፤ ልጁ በሉሁ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ሳይሳሳት ሲቀራ ሉሁ ይታጠባል፣ ቀጣዩ ይጻፍለታል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ጉባኤ ቃናውን (ባለ ሁለት ቤቱን አጭር ቅኔ) ቆጥሮ፣ በመምህሩ ፊት ካልተቀኘ በቀር ቅኔ ያውቃል አይባልም። በሁለቱም ቤት ማስረጃው ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት የምንቸገረው ማስረጃውን ፈተና በሚወጣበት ሳምንት መፈለግ ስለምንጀምር ይመስለኛል።

ሁለተኛ፦ ግሡን ይምረጡ

ከሁሉም እርምጃዎች ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ዕቅድዎን ለመፈተሽ ቀላል ዘዴ አለ፤ የእያንዳንዱን መግለጫ የመጨረሻ ቃል ያስምሩበት፤ ከዚያ የተሰመረባቸውን ቃላት ብቻ ከላይ ወደ ታች ያንብቡ። «ይረዳሉ፣ ያውቃሉ፣ ይገነዘባሉ፣ ግንዛቤ ያገኛሉ፣ ይተዋወቃሉ» የሚሉ ቃላት ከተደረደሩ፣ በተማሪው ውስጥ የሚሆነውን እንጂ ከተማሪው የሚወጣውን አልጻፉም ማለት ነው። መረዳትን ማንም አይቶት አያውቅም፤ የሚታየው መረዳትን ተከትሎ የሚመጣው ተግባር ነው።

ደግነቱ አማርኛ ራሱ መፍትሔውን በእጁ ይዟል። «መረዳት» የማይታይ ሲሆን «ማስረዳት» ይሰማል፣ ይታረማል። «መገንዘብ» ከሚለው ይልቅ «ማብራራት»፣ «ማወቅ» ከሚለው ይልቅ እንደ ጉዳዩ «መዘርዘር»፣ «መሰየም» ወይም «ማሳየት» ይበጃል። ሆኖም ግሡ የሚታይ ስለሆነ ብቻ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም። «ይጠቅሳሉ» የሚለው ግሥ በግልጽ የሚታይ ነው፤ የእኔም ተማሪ እርከንን በትክክል ጠቅሷል። ግሡ የሚታይ ከመሆኑ በላይ የምንፈልገውን ብቃት ልክ መሸከም አለበት።

ሁለት ትርጉም ያላቸው ግሦችም ያስቸግራሉ። «ይለያሉ» ሲባል ከብዙ ነገሮች መካከል አንዱን መርጦ ማውጣት ነው ወይስ ሁለት ነገሮች የሚለያዩበትን መናገር? የመጀመሪያው በምርጫ ጥያቄ ሊመዘን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ማነጻጸርን ይጠይቃል። «ይገልጻሉ» የሚለውም እንዲሁ ፍቺ ከመስጠት እስከ ረጅም ማብራሪያ ድረስ ስለሚለጠጥ፣ እኔ በተቻለኝ መጠን አልጠቀምበትም።

አንድ ግሥ ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚችል ለማሳየት ከዚሁ ከወሎ ምድር የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣልያንኛው ቅጂ ነገሩን ግዴታ አድርጎት ነበር። የግሥ ልዩነት ያስነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። የእኛ ዕቅድ ጦርነት ባያስነሣም፣ ግሡ ላይ የተፈጠረ ልዩነት አስተማሪውንና ፈተና አውጪውን በሁለት መንገድ ይሰዳቸዋል።

ይኸው ርእስ በታሪክ መምህር ዕቅድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ «ተማሪዎች የውጫሌን ውል ይረዳሉ፣ ለአድዋ ጦርነት ምክንያት መሆኑንም ይገነዘባሉ» ተብሎ ይጻፋል። በአንድ መግለጫ ውስጥ ሁለት ግሥ ሲገባ፣ አንዱን አሳክቶ ሌላውን ያላሳካው ተማሪ የት እንደሚመደብ አይታወቅምና፣ ይክፈሉት። የመጀመሪያው፦ «የአንቀጽ 17 የአማርኛ ቅጂና የጣልያንኛው ቅጂ የአማርኛ ትርጉም ጎን ለጎን ሲሰጣቸው፣ የትርጉም ልዩነት የፈጠረውን ቃል ለይተው ያወጣሉ።» ሁለተኛው፦ «ይህ ልዩነት የኢትዮጵያን ነጻነት እንዴት ይነካ እንደነበር ቢያንስ በሁለት ምክንያት ያስረዳሉ።» የመጀመሪያው ንባብን፣ ሁለተኛው ምክንያታዊ አስተሳሰብን ይመዝናል፤ የሚሰጣቸው ነጥብም እኩል መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፦ ሁኔታውንና በቂውን መጠን ያክሉ

ግሡ ከተመረጠ በኋላ ከፊቱ ሁለት ነገሮች ይገባሉ። አንደኛው ተማሪው ተግባሩን የሚፈጽመው በምን ሁኔታ እንደሆነ ነው፤ «ካርታ ተሰጥቷቸው»፣ «መጽሐፍ ሳይመለከቱ»፣ «ካልኩሌተር ሳይጠቀሙ» የመሳሰለው። ሁለተኛው ምን ያህል ሲሠሩ በቂ እንደሚባል ነው። የአፈር መሸርሸሩን መግለጫ ከዚያ ስሕተቴ በኋላ በዚህ መልክ እንደሚከተለው አድርጌ እንደገና ጻፍኩት፦

«በ10 ሜትር ገመድ፣ በሁለት የተለኩ ዘንጎችና በውኃ ልክ ተጠቅመው፣ የአንድን ቦታ ተዳፋት በመቶኛ ያሰላሉ።»

«ተዳፋቱን አቋርጦ የሚያልፈውን የእርከን መስመር፣ ቢያንስ አምስት ነጥቦችን በእኩል ከፍታ ላይ በችካል በመትከል ያመለክታሉ።»

ሁለቱን መግለጫዎች ይዞ የማያውቀኝ መምህር ተማሪዎቼን ሊመዝንልኝ ይችላል። የመጀመሪያው በክፍል ውስጥ በወረቀትም ይፈተናል፤ ገመዱ በውኃ ልክ ተስተካክሎ ሲዘረጋ በሁለቱ ዘንጎች ላይ የሚነበበው ልዩነት 1.2 ሜትር ከሆነ፣ 1.2 ለ10 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ተዳፋቱ 12 በመቶ ይሆናል። ሁለተኛው ግን ከክፍል ካልወጡ አይመዘንም፤ ይህንንም መግለጫው ራሱ ይናገራል። መውጣት የማይቻል ከሆነ ሊለወጥ የሚገባው መግለጫው ነው፤ መግለጫው እንዳለ ቀርቶ «እርከን ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተማሪውንም ራስንም መሸንገል ይሆናል።

ስለ በቂው መጠን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በየዕቅዱ መጨረሻ «80 በመቶ በትክክል» የሚል ሐረግ መለጠፍ የተለመደ ሆኗል። አሥር የማባዛት ጥያቄ ለሚሰጥ መምህር ይህ ከአሥሩ ስምንቱን ማለት ስለሆነ ትርጉም አለው። ድርሰት ለሚያስጽፍ መምህር ግን የድርሰት 80 በመቶ ምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ከቁጥሩ ይልቅ ጥራቱን በቃላት ያስፍሩ፦ «የሥራ መጠየቂያ ማመልከቻ ሲጽፉ ቀኑን፣ የተቀባዩን መሥሪያ ቤት፣ ጉዳዩንና ፊርማቸውን በተገቢው ቦታ ያሰፍራሉ» የሚለው ከየትኛውም መቶኛ ይሻላል።

ሁኔታውን ሲጽፉ ግሡ ያላሰቡትን ችሎታ አለመጠየቁንም ይመልከቱ። ዓላማው የውኃን ዑደት ቅደም ተከተል ማስረዳት ሆኖ ሳለ «ሥዕል ሥለው ያሳያሉ» ብለን ከጻፍን፣ ማየት የተሳነውን ተማሪ ያለ ምክንያት ከበሩ መለስነው ማለት ነው። «በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሥዕል» የሚል አንድ ሐረግ ችግሩን ይፈታዋል።

አራተኛ፦ ደረጃውን ይመልከቱ

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጡትና በ2001 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው አመዳደብ የአእምሮን ተግባር ከማስታወስ፣ ከመረዳትና ከመተግበር ተነሥቶ እስከ መተንተን፣ መገምገምና መፍጠር ድረስ በስድስት ይከፍለዋል። ይህን በመምህራን ኮሌጅ ያልተማረ ስለማይኖር አልደግመውም። ለሥራችን የሚጠቅመው አንድ ይዘት በተለያየ ደረጃ ሊጠየቅ እንደሚችል ማስታወሱ ነው። ለምሳሌ «ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ይናገራሉ» የሚለው ማስታወስ ነው። «2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደሴ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ ከእርሷ ዝቅ ባለችው በኮምቦልቻ ደግሞ በ94 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላበትን ምክንያት በአየር ግፊት ያስረዳሉ» የሚለው ከመረዳት ላይ ነው። «ሽምብራ በየትኛው ከተማ ቶሎ እንደሚበስል ይተነብያሉ፤ ትንበያቸውን የሚፈትሹበትንም መንገድ ያቅዳሉ» ሲባል ደግሞ ከፍ እያለ ይሄዳል። (ይህ የመጨረሻው ሁለት ግሥ ስላለው ሊከፈል ይገባዋል፤ አንባቢው እንዳስተዋለው ተስፋ አደርጋለሁ።)

ሁሉም መግለጫ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይሁን ማለት ግን አይደለም። ፊደል ያልለየ ልጅ አይተነትንም። የሚያሳስበው አንድ ምዕራፍ ሙሉውን «ይዘረዝራሉ» እና «ይጠቅሳሉ» ላይ ቀርቶ ሲያልቅ ነው።

ከአመለካከት ጋር የተያያዙ ዓላማዎችን በተመለከተ፣ «ለደን ፍቅር ያድርባቸዋል» የሚለውን በወረቀት ፈተና ለመመዘን መሞከር ትርፉ ድካም ነው፤ ደን እንደሚወድ የማይጽፍ ተማሪ የለም። በሐምሌ የተተከለውን ችግኝ በበጋው ወራት ተራው ሲደርስ ማጠጣቱ ግን በመዝገብ ሊያዝ ይችላል። ነጥብ ይሰጥበት ወይ ለሚለው የእኔ አስተያየት አይሰጥበት ነው፤ ነጥብ የገባበት ችግኝ ሰኔ ላይ የሚያጠጣው ያጣል።

አምስተኛ፦ ለባልደረባ ያስነብቡ

መግለጫዎቹን ያንን ክፍል ለማያስተምር፣ ቢቻል ሌላ ትምህርት ለሚያስተምር ባልደረባ ይስጡና «ከዚህ ተነሥተህ አንድ ጥያቄ አውጣልኝ» ይበሉት። ምንም ማብራሪያ አይጨምሩ። ያወጣው ጥያቄ እርስዎ ካሰቡት ጋር ከተቀራረበ መግለጫው ደኅና ነው። ከራቀ ስሕተቱ የባልደረባዎ ስላልሆነ፣ መከራከሩን ትተው ዓረፍተ ነገሩን ያስተካክሉ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ቡና እስኪቀዳ ድረስ ባለው ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ በጉድኝት ማዕከል ስብሰባ ላይ የተለያዩ ትምህርት ቤቶች መምህራን ቢለዋወጡት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

ስድስተኛ፦ ከመግለጫ ወደ ቢጋር፣ ከቢጋር ወደ ጥያቄ

የፈተና ቢጋር (ጥያቄና ነጥብ የሚከፋፈልበትን ሠንጠረዥ) ሲያዘጋጁ በግራ በኩል ባለው ዓምድ የምዕራፍ ርእሶችን ሳይሆን መግለጫዎቹን ራሳቸውን ያስፍሩ። ለእያንዳንዱ መግለጫ የወሰደውን ክፍለ ጊዜ ይጻፉና ነጥቡን በዚያ ልክ ያከፋፍሉ። ምዕራፉ በ16 ክፍለ ጊዜ ያለቀ ቢሆንና ፈተናው ከ40 ቢታረም፣ 4 ክፍለ ጊዜ የወሰደው መግለጫ 10 ነጥብ፣ 2 ክፍለ ጊዜ የወሰደው 5 ነጥብ ይደርሰዋል። ስሌቱ ሕግ አይደለም፤ በአጭር ጊዜ የተሰጠ ነገር ለቀጣዩ ክፍል መሠረት ከሆነ ነጥቡን ከፍ ማድረግ ይቻላል። አንድ መግለጫ ምንም ነጥብ ካልደረሰው ግን ወይ በተከታታይ ምዘና በሌላ መንገድ መመዘኑን ማረጋገጥ፣ ወይ ለምን እንደ ጻፉት ራስዎን መጠየቅ ይገባል።

የጥያቄው ዓይነት ከግሡ ይወጣል። «ያሰላሉ» ለሚለው የስሌቱን ሂደት የሚያሳይ ጥያቄ፣ «ያስረዳሉ» ለሚለው አጭር መልስ፣ «ያመለክታሉ» ለሚለው ተግባር ያስፈልጋል። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ያለው መምህር ሁሉንም በእውነት ወይም ሐሰት እና በምርጫ ለመጨረስ ቢገደድ አልፈርድበትም፤ እርማቱ በኩራዝም በአምፖልም ሌሊቱን ይወስዳልና። ቢሆንም በእያንዳንዱ ፈተና ላይ ቢያንስ አንድ ጥያቄ የመግለጫውን ግሥ በትክክል የሚያሠራ ይሁን፤ ሌላው በክፍል ሥራና በቡድን ሥራ ይሸፈናል።

የማረሚያ መስፈርቱን ከጥያቄው ጋር በአንድ ቀን ይጻፉት። ለተዳፋት ስሌቱ 4 ነጥብ ቢመደብ፣ የከፍታ ልዩነቱን በትክክል ለማንበብ 1፣ ለአግድም ርቀቱ አካፍሎ ለማስቀመጥ 2፣ በመቶኛ ለመግለጽ 1 ብሎ መከፋፈል ይቻላል። እንዲህ ሲሆን መንገዱን አውቆ በመጨረሻው ስሌት የተሳሳተው ልጅ ዜሮ አያገኝም፤ «ለምን ተቀነሰብኝ?» ብሎ ለሚመጣም ተማሪ የሚታይ መልስ አለ።

ሰባተኛ፦ ውጤቱን በተማሪ ብቻ ሳይሆን በመግለጫም ያንብቡ

እርማቱ ሲያልቅ የተማሪዎች ስም የተዘረዘረበት የውጤት መያዣ ብቻውን የሚነግረን ማን እንዳለፈና እንደወደቀ ነው። ከጎኑ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ያዘጋጁ፤ በላዩ መግለጫዎቹን ይጻፉና እያንዳንዱን ስንት ተማሪ እንዳሳካው እየቆጠሩ በጭረት ያስፍሩ። እንበልና ከ62 ተማሪዎች ተዳፋትን ያሰሉት 51 ሆነው፣ የእርከን መስመርን ያመለከቱት ግን 19 ብቻ ቢሆኑ፣ ማካካሻ ክፍለ ጊዜው በየትኛው ላይ እንደሚውል ለመወሰን ስብሰባ አያስፈልግም። ከክፍሉ ሲሶ እንኳ ያላሳካው መግለጫ በአብዛኛው የተማሪ ስንፍና አይሆንም፤ ወይ ትምህርቱ በቂ ልምምድ አልነበረውም፣ ወይ ጥያቄው ከመግለጫው ጋር አልገጠመም፣ ወይ መግለጫው ለዚያ ክፍል ከብዷል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የአምስት ስድስት ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት አውጥቶ ስሕተታቸውን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

ያገኙትን በዚያው በዕቅዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይጻፉት። በእኔ ዕቅድ ላይ ከእርከኑ መግለጫ ጎን «ውኃ ልኩን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይያዙት፤ እኔ ስይዘው እነርሱ አያነቡም» የሚል ማስታወሻ አለ። በተከታዩ ዓመት ያንን ምዕራፍ የተረከበችው መምህርት ከመግለጫው በፊት ያነበበችው እርሱን ነበር፤ ተማሪዎቹን ከክፍል ከማውጣቷ በፊትም ከጎረቤት ግንበኛ ሦስት ውኃ ልክ ተውሳ አምጥታለች።